ቀዳዳ አይደክምም

እናቴን «እጀ ቆሻሻ» ያሏትን ሰዎች ይቅር አላልኩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አላልኩም። «ይቅር በይ፣ ለራስሽ ጤና ነው» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉኝ። ጤናዬ ደህና ነው። የጭነት መኪና ጎማ ብቻዬን አንከባልላለሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለምን አራተኛ ላይ እንደቆመ ከታች ታገኙታላችሁ። አጻጻፌ ካላማራችሁ እነሱን ጠይቁልኝ፣ እኔን አይደለም።

እናቴ ፀሐይ የሚሠራበት ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ሰው «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ፀሐይ ትወለውላለች» እል ነበር። ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ግን አልዋሸሁም። ዛሬ ቦታው የፕላዝማ ምርምር ጣቢያ እንደሚባል አውቃለሁ። ያኔ ግን ዋናው፣ ማለት የጣቢያው አለቃ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እዚህ ትንሽ ፀሐይ እየሠራን ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን በዚያች ፀሐይ የሰው ቤት ሁሉ ያለ ጭስ፣ ያለ ከሰል ይበራል ይላል። እኔም ሰማሁ፣ አመንኩ፣ አበቃ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ የምቀመጥበት አልነበረኝም። ስለዚህ ሠራተኛው ልብስ የሚቀይርበት ኮሪደር ውስጥ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። ቦታው አልኮልና የሞቀ ጎማ ይሸታል። ከወለሉ ሥር ፓምፖቹ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ በጆሮ ሳይሆን በጥርስ ነው የሚሰማው። ከኮሪደሩ ማዶ ቢጫ መስመር አለ። ከመስመሩ ማዶ ማሽኑ አለ። ማሽኑ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ነው። ጎማ አስቡ፤ ያንን ጎማ ሽቦ በሽቦ አድርጉት፣ ከዚያ በየቦታው መስታወት መስኮት ቦርቡሩበት። ያ ነው።

በጎኑ አንድ ጠባብ በር ነበረው። ያ በር እናቴን አስከበራት። ከዚያ ሁሉ ባለ ዲግሪ መሃል በዚያ በር የሚያልፈው የእናቴ ትከሻ ብቻ ነበር። አንዱ መሐንዲስ ሞክሮ ሆዱ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ እግሩን ይዘው ነው የጎተቱት። እናቴ ያን መሐንዲስ ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር። «ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ እነሱ የማይገቡበት ግን ገባሁ» ትላለች።

ስትገባ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ነጭ ትለብሳለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። በሩ ላይ ቆጣሪ የምንላት ሴት ትቆማለች። ሥራዋ የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር ነው፦ ጨርቅ ሁለት፣ የአልኮል ጠርሙስ አንድ፣ መብራት አንድ፣ ጓንት ሁለት። አንድ ጨርቅ ከጎደለ ማንም ቤቱ አይሄድም።

«ለምን?» አልኩት አንድ ቀን ጋሽ ፓምፕን። እሱ ከማሽኑ ውስጥ አየሩን የሚያስወጡትን ፓምፖች የሚጠብቅ ሰው ነው። ስሙ ይኖረዋል፣ እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም።

«ውስጡ ከፀሐይ መሃል የባሰ እሳት ይነድዳላ» አለኝ። «ፕላዝማ ይባላል። ግድግዳውን ግን አይነካም፤ ማግኔት አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ትንሽ አየር ወይም ትንሽ ቅባት ካገኘው ወዲያው ይታመምና ይጠፋል።»

«ይታመማል» አለኝ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ፀሐይ እንደ ጉንፋን ከሰው በሽታ ይጋባባታል ብዬ ያዝኩት።

ጋሽ ፓምፕ ይወደኝ ነበር። አንድ ቀን የመዳብ ቀለበት ሰጠኝ። መስኮቶቹ ሲታሰሩ በብረቱና በመስኮቱ መካከል ይገባል፤ ብረቱ ከሁለቱም ወገን ነክሶት አየር እንዳያልፍ ይደፍነዋል። «አንዴ ከተነከሰ ሥራው አበቃ» አለኝ፤ «ከእንግዲህ ላንቺ አምባር ነው እንጂ ለምንም አይሆንም።» ዙሪያውን የተነከሰበት መስመር ነበረው። እኔ ጌጥ መሰለኝ። ከእጄ አላወጣውም ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀር ነው። እናቴ ጨርቅ ልትቀይር ከማሽኑ ወጣች። ቆጣሪዋ ለስልክ ተጠርታ ሄዳለች። ጠባቧ በር ተከፍታ ቀረች። ምሳዬን የተጠበሰ ድንች በልቼ እጄን በቀሚሴ ጠርጌያለሁ፤ ልጅ የሚጠርገውን ያህል። ቢጫውን መስመር ተሻገርኩ። ጭንቅላቴንና ክንዴን አስገባሁ።

ምንም አይሸትም። በሕይወቴ ምንም የማይሸት ቦታ ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው። ግድግዳው ሁሉ ፊቴን ያሳየኛል፤ የተጣመመ፣ የረዘመ፣ ብዙ ፊት። መዳፌን ለጠፍኩት። ይበርዳል። ሳነሳው አምስት ጣቴ ከነመዳፌ ግድግዳው ላይ ቀረ፣ በድንች ዘይት ተስሎ።

እናቴ በቀሚሴ ጎትታ አወጣችኝ። አልመታችኝም። ተመልሳ ገባች። መብራቱን በጎን እያበራች ጠረገች፣ አየች፣ ጠረገች፣ ሦስተኛ ጠረገች። ወጥታ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ጠፍቷል። ለማንም እንዳትናገሪ፤ እነዚህ ሰዎች ትንሿን ነገር ተራራ ነው የሚያደርጓት» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት «እንዳትናገሪ» የሚለውን ብቻ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋሽ ፓምፕ በርጩማዬ አጠገብ ተንበረከከ። ግንባሩን አልቦታል።

«የኔ ቆንጆ፣ አምባርሽን አውሺኝ።»

«ለምን?»

«ለማሽኑ። አዳዲሶቹ ቀለበቶች ገና መንገድ ላይ ናቸው። ዋናው ደግሞ አልጠብቅም ብሏል።»

«ፀሐይዋ ታደርገዋለች?»

«ታደርገዋለች።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሺ?»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የኔ አምባር፣ ፀሐይ እጅ ላይ! ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆሜ አየሁ። ዋናው ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ መስኮቱን ያስራል። ጋሽ ፓምፕ አንድ ነገር በጆሮው ሊነግረው ጠጋ ሲል፣ «አንተ ሁልጊዜ ፈሪ ነህ! ማጥበቅ ነው እንጂ!» ብሎ ቡሎኑን ጠመዘዘ። ብረቱ ሲጢጥ ሲል ኮራሁ።

ማታ እናቴ «አምባርሽስ?» አለችኝ።

«ጠፋብኝ።»

በአንድ ሳምንት ሁለት ምስጢር። አንዱን ሳስብ እጄን በቀሚሴ እጠርጋለሁ፤ ሌላውን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። ሁለቱን አገላብጬ እንደያዝኳቸው የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ መጡ። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ዋናው ከአሥር ጀምሮ ወደ ታች ቆጠረ፤ እኔም ኮት መስቀያው ሥር ተደብቄ አብሬ ቆጠርኩ። ዜሮ ላይ መስኮቱ ውስጥ ሮዝ ብርሃን ብልጭ አለችና ጠፋች፤ እርጥብ ክብሪት እንደመጫር። ደገሙ። ብልጭ፣ ጭልም። ሦስተኛ። እንግዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንዱ «ቆንጆ ናት፣ ግን አጭር ናት» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደር ውስጥ ተሰበሰበ። እኔ እንደገና ኮቶቹ ሥር ነኝ።

«ግድግዳው ቆሽሿል» አለ ዋናው። «በዚያ በር የሚገባው አንድ ሰው ነው።» ወደ እናቴ ዞረ። «በባዶ እጅሽ ገብተሻል።»

«አልገባሁም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

መዳፌን ብብቴ ሥር ደበቅኩ። እናቴ አንገቷን መለስ አድርጋ ኮቶቹ ሥር አየችኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ በእኔና በእሱ መካከል ቆመች። ልትደብቀኝ ነው፣ አልኩ በልቤ። የኔን ጥፋት ልትሸከም ነው።

ዋናው ወረቀት አወጣ። ድምፁን አለሰለሰ። «ተራ ማስጠንቀቂያ ነው። አውራ ጣትሽን አሳርፊበትና ሥራሽን ቀጥዪ።»

«ምን ይላል?»

ቆጣሪዋ እየተንተባተበች አነበበችላት። «ያለ ጓንት ገብቼ ማሽኑን እንዳቆሸሽኩ አምናለሁ፣ ይላል።»

«ቀለሙን አምጪልኝ» አለች እናቴ። ሁሉም ተነፈሰ። እሷ ቀለሙን ተቀበለች፣ ከደነችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጣቴ ንጹሕ ነው። በውሸት አላቆሽሸውም።»

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረች።

ጋሽ ፓምፕ በሩ ድረስ ተከተለን። ጥቅል ወረቀት በእጇ አስጨበጣት። ከማሽኑ ጎን መርፌ ቀኑን ሙሉ መስመር የሚጽፍበት ባለ ካሬ ወረቀት ነው።

«ለልጅሽ ደብተር ልበጪበት።»

«ወረቀት ነው የምትሰጠኝ?» አለችው። «አፍ የለህም አንተ?»

«እኅቴ፣ አራት ልጆች አሉኝ። አንቺም ልጅሽን አስቢ። ብቻ... ብቻ እንዳትጥዪው።»

«ልጅሽን አስቢ» ሲል ወደ እኔ አየ። እሱም መዳፌን ያውቃል፣ አልኩ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ወሬው ቀድሞን ሰፈር ገባ። «ያቺ እጀ ቆሻሻ፣ ማሽኑን ያበላሸችው» ተባለች። የጽዳት ሥራ በጠየቀችበት ሁሉ እጇን ያዩ ነበር፤ እጇን! ትሪ ላይ እንደቀረበ ዕቃ። እኔ በዚያው ዓመት ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ አጎቴ ጎማ ቤት ገባሁ። ያ ደብተር የመጨረሻዬ ስለሆነ አልጣልኩትም፤ በዚያ ባለ መስመር ወረቀት እንደተለበጠ ሳጥን ውስጥ ኖረ። ጎሚስታ ሆንኩ። ጎማ ስፈታ፣ ስደፍን፣ ስነፋ አረጀሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን፣ ሳቁብኝ፣ እኔ ያጠፋሁት ይመስለኝ ነበር። ያቺ ፀሐይ ብትበራ ኖሮ፣ እል ነበር፤ ያቺ መዳፍ ባትኖር ኖሮ።

ባለፈው ዓመትም ጣቢያው እንደ ልማዱ ለአንድ ቀን በሩን ለሕዝብ ከፈተ። ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ለመሳደብ ይሆናል። አሁን አዲስ ትልቅ ማሽን አላቸው፤ አሮጌው ግቢ ውስጥ ጣራ ተሠርቶለት ለዕይታ ተቀምጧል። ሳየው አነሰብኝ። አስጎብኚያችን መነጽር ያደረገች ወጣት ተመራማሪ ነበረች። አፏ ጣፋጭ ነው።

«በዚህ ማሽን ታሪክ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ» አለች። «አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በባዶ እጇ ገብታ አራት ወር ሥራ አስቁማናለች! ጓንት የምንቆጥረው ለዚህ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ልሄድ ነበር፤ እግሬ እልኸኛ ነው፣ አልሄደም።

ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ሄዳ ሁለት መስመር ሣለች። «አሁን ደግሞ ቆሻሻና ቀዳዳ እንዴት እንደምንለይ ላሳያችሁ። አየሩን እናወጣና ፓምፑን እንዘጋለን። ከዚያ ውስጡ ስንት አየር እንደተጠራቀመ መርፌው ይጽፋል። ቆሻሻ ከሆነ በመጀመሪያ ጋዝ ይተነፍሳል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል፤ መስመሩ ይጎብጣል። ቀዳዳ ግን አይደክምም። መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል።» ቀጥላ የመዳብ ቀለበት ከፍ አደረገች። «ይሄ መስኮቱን የሚደፍነው ነው። የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው።»

እጄን አወጣሁ። «ሁለቴ ቢታሰርስ፣ ልጄ?»

«አየር ያስገባል፣ እትዬ። የቱንም ያህል ቢጠብቅ።»

ሳሙና ውኃ ውስጥ ጎማ ነክሬ አረፋ ስከተል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ቀዳዳ አይደክምም ብሎ የሚያስተምረኝ አያስፈልገኝም ነበር። መስመሩን ብቻ ነው የሚያሳየኝ ያጣሁት። መስመሩን ደግሞ አውቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ ነው ያለው።

ቤት ሮጬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ልባጡን አውልቄ አላውቅም። አወለቅኩት። ወደ ውስጥ በታጠፈው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ቀኑ ተጽፏል፤ እንግዶቹ የመጡበት ሳምንት ነው። ከሥሩ «ሦስተኛው መስኮት። የተነከሰ ቀለበት» ይላል። የጋሽ ፓምፕ እጅ ነው። አፍ አልነበረውም፤ እርሳስ ግን ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሞቷል፤ ምን እንደምለው እስካሁን አልወሰንኩም።

በማግስቱ ለልጅቷ ወሰድኩላት። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች፣ እንደገና አወለቀች።

«እትዬ፣ ይሄ ቀዳዳ ነው» አለች።

«ከነድንች ዘይቱ መዳፍ ቢኖርበትስ?» ብዬ የራሴን ነገር ጨመርኩላት።

«ባይጠረግ እንኳ፣ ማሽኑን ሁለት ቀን ስናሞቀው ይወጣል። ይሄ መዳፍ አይደለም።» ጆሮዋ ቀልቷል። «እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እያሳቅኩበት...»

አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ይዛኝ ገባች። ሰውየው ትሑት ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። «የቀድሞው አለቃ አልፏል» አለኝ። «አዳራሻችን በስሙ ነው። ቤተሰቡም አለ። ከእንግዲህ ያንን ታሪክ አንናገርም፤ ቃል እገባለሁ።»

«ጮክ ብላችሁ የሰደባችኋትን በዝምታ ልትክሷት ነው?»

«ምን እናድርግልዎ ታዲያ?»

«በሚቀጥለው ዓመት በሩን ስትከፍቱ የምናገረው እኔ ነኝ» አልኩት። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም ነበር።

ከዚያ የከበደው መጣ፤ ለእናቴ መንገር። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደጅ ላይ ልብስ እያጠፈች አገኘኋት። ስለ ወረቀቱ ነገርኳት፣ ስለ አምባሩ ነገርኳት፣ ጠፋብኝ ብዬ እንደዋሸኋት። ያኔ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ኮሪደሩ ውስጥ ዋናው ፊት የምትለው ነገር ይኖራት ነበር። ይሄ ነው የኔ ጥፋት፤ የተሸከምኩት ግን ሌላውን ነበር። ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያ ስለ መዳፌ ነገርኳት።

«የትኛው መዳፍ?»

«ማሽኑ ውስጥ! ግድግዳው ላይ! የጠረግሽው!»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ጠረግኩት እኮ። እኔ የጠረግኩት ይቀራል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ከለልሽኝ? ዋናው ፊት ስትቆሚ?»

«ሲሰድበኝ ፊቴን እንዳታዪው ነዋ» አለች። ልብሱን ተወችው። «ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። አምባሩን በማስቲካ የለወጥሽው መስሎኝ ነበር፣ አንቺ ሌባ።» ከዚያ አለቀሰች፤ ስትስቅም ስታለቅስም ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነው።

ዘንድሮ በሩ ሲከፈት ይዣት ሄድኩ። ልጅቷ ሰሌዳው አጠገብ ቦታ ለቀቀችልኝ። እጄ የጎማ ጥላሸት አለበት፣ አልደበቅኩትም። ደብተሬን ከፍ አድርጌ መስመሩን አሳየሁ። ቀለበቱን፣ ማን እንዳሰረው፣ ማን እንዳወቀና ዝም እንዳለ ተናገርኩ። እኔም ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። «እጀ ቆሻሻ ያላችኋት ሴት ይቺ ናት» አልኩ። አዳራሹ በስሙ የተሰየመለትን ሰው ልጅ ከፊት ረድፍ አየሁት። ተነስቶ ይወጣል ብዬ ነበር፤ አልወጣም።

እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ አሮጌው ማሽን ሄደች። ጠባቧ በር ተከፍታ ነው የምትታየው። ጥበቃው «እማማ፣ መንካት ክልክል ነው» አለ።

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ሳልነካው ተባርሬበታለሁ» አለችው። «አሁን ልንካውና ያባሩኝ።»

ትከሻዋ አሁንም ይገባል። ባዶ እጇን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ ቆየች፣ አነሳች። አምስት ጣት ከነመዳፉ ቀረ።

ኃላፊው አጠገቤ ነበር። እጁ ሳያስበው መሀረብ ወዳለበት ኪሱ ሲሄድ አየሁት።

«እስቲ ይሞክሩ!» አልኩት።

መሀረቡ ኪሱ ውስጥ ቀረ። በየሰኞው ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ጥበቃው ያስገባኛል፣ በጠባቧ በር አጮልቄ አያለሁ። መዳፉ አለ።